እስከ አሥር የምትቆጥር ጣት

የጋሽ ዳልኬን ማረፍ የሰማሁት ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። የደወለችልኝ ለዓመታት ከእኔ ጋር በአንድ ሰሌን ላይ ስትቀመጥ የኖረች የሌላ ልጅ እናት ናት። «ጋሽ ዳልኬ ዛሬ ጠዋት አረፉ» አለችኝ።  ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ የቀኝ እጄ ሌባ ጣት ጠረጴዛውን ቀስ እያለች ስትመታ አየኋት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች እስከ አሥር ሄደች። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህችን ቆጠራ ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። እኔ በተፈጥሮዬ ቆጥሬ የምናገር ሰው አይደለሁም። እናቴ «አፍሽ ከእግርሽ ይቀድማል» ትለኝ ነበር። ጋሽ ዳልኬ ደግሞ ከተዋወቅን ሳምንት ሳይሞላን «ወይዘሮ ችኩል» የሚል ስም አወጡልኝ፤ እስኪሞቱ ድረስ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። ሌላ ሰው ቢለኝ ኖሮ እጣላው ነበር።

ሠላሳ ዓመት ያህል አንደኛ ክፍል ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ግማሹ የሶዶ ሰው ፊደል የቆጠረው እሳቸው ፊት ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ጡረታ ሲወጡ እንደ እኩዮቻቸው በር ላይ ተቀምጦ ፀሐይ መሞቅ አልሆነላቸውም። ሐዋሳ ሄደው ጥቂት ሳምንት ሥልጠና ወሰዱ። ሲመለሱ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጀርባ፣ የተሰበሩ አግዳሚ ወንበሮች የሚጠራቀሙባትን ክፍል ለምነው አስጠረጉና ሰሌን አነጠፉባት። ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን የማይናገሩ፣ ስማቸው ሲጠራ የማይዞሩ ትንንሽ ልጆችን ከነእናቶቻቸው መቀበል ጀመሩ። ረጅምና ቀጭን ነበሩ፤ አንድ ቡናማ ሹራብ ክረምት ከበጋ አይለያቸውም። የሹራቡ ሁለት ኪሶች ሁልጊዜ ያበጡ ናቸው፤ የጀሪካን ክዳን፣ ገመድ፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ አንዳንዴም የተቆላ በቆሎ ይወጣባቸዋል። መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ቆራሌው መስለውኝ ነበር።

ክፍሏ ወንበር የላትም። አንድ ጊዜ ከሆነ መሥሪያ ቤት ሱፍ የለበሱ እንግዶች ሊጎበኙ መጡና ቆመው ዞር ዞር አሉ። «ልጆቹ ያሉት ታች ነው» አሏቸው ጋሽ ዳልኬ። እንግዶቹ ተያዩና ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ። አንዷ ልጅ የአንደኛውን ጫማ ክር ፈትታ እስክትጨርስ ድረስ ማንም እንዲነሳ አልተፈቀደለትም።

ወደ እሳቸው የላከኝ ሐኪም ነው። ልጄ ሶስና ሦስት ዓመት ሊሞላት ነበር፤ አንድ ቃል የላትም። ስሟን ብንጠራ አትዞርም። የጀሪካን ክዳን ሲሚንቶ ላይ ሲሽከረከር ግን ከሌላ ክፍል ሰምታ ትመጣለች። ያልተባልኩት የለም። «አባቷም ዘግይቶ ነው የተናገረው» ያሉኝ አሉ፤ «ጸሎት አስደርጊላት» ያሉኝ አሉ፤ «ቢሮ ስለምትውዪ ነው» ያለችኝም አለች፤ ከእሷ ጋር እስካሁን አንነጋገርም። ሐኪሙ ጆሮዋን አስመርምሮ ደኅና መሆኑን አየና ኦቲዝም የሚለውን ስም ነገረኝ። «የሚዋጥ መድኃኒት የለውም። ግን ልጅ ሳለች የሚሠራ ሥራ አለ፤ በቶሎ ይጀመር» ብሎ የጋሽ ዳልኬን ስም በወረቀት ጻፈልኝ።

እኔ ደግሞ የምቸኩልበት ሌላ ምክንያት ነበረኝ። የባለቤቴ የታምራት እናት የሚኖሩት ገሱባ ነው። «አዬ» ነው የምንላቸው፤ በወላይትኛ እናት እንደማለት ነው። በዚያ ሰሞን ሶዶ መጥተው እኛ ጋር ሰነበቱ። ሶስናን ሲያዩ፣ ሲያዩ ቆዩና አንድ ቀን ልጃቸውን ፊታቸው አስቀምጠው ተናገሩ። አማርኛቸው ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርጋል።

«ይሄ ልጅ ከኔ ጋር ይሂድ። እዚህ ሰው ያየዋል፣ ልጆች ይስቁበታል። እኔ ጋር ጓሮ አለ፣ እንሰት አለ፣ ላም አለ። ቃል ሲመጣለት ትወስዱታላችሁ።»

ክፋት የላቸውም፤ ከልባቸው ነው። ነገር ግን ጓሮ ማለት ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ ቦዲቲ፣ የአክስቴ ጎረቤት ቤት «ቃል እስኪመጣለት» ተብሎ ጓሮ የተቀመጠ ሰው ነበር። እንግዳ ሲመጣ በር ይዘጋበታል። እኔ አድጌ፣ አግብቼ ስመለስ ሸብቶ እዚያው አገኘሁት። አዬ «ጓሮ» ሲሉ የታየኝ እሱ ነው።

ታምራት ከሶዶ ቦዲቲ የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው። መንገድ ላይ ከማንም ጋር ይሟገታል፤ እናቱ ፊት ግን አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ከማለት ሌላ አያውቅም። ለምኜ፣ አልቅሼ፣ አኩርፌ ያገኘሁት ነገር ቀጠሮ ብቻ ነው። እስከ ጊፋታ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፣ መስከረም ላይ ይውላል። እስከዚያ ሶስና ላይ አዲስ ነገር ከታየ እኛ ጋር ትኖራለች፤ ካልታየ ለበዓሉ ገሱባ እንደሄደች እዚያው ትቀራለች። ይህን ስንነጋገር ግንቦት ነበር።

ይህን ሁሉ ለጋሽ ዳልኬ ልነግራቸው በቃሌ አጥንቼ ሄድኩ። እሳቸው ሰላምታዬን በግማሽ ተቀብለው ሰሌኑ ላይ ወረዱ። ሶስና ፊት አልተቀመጡም፤ ጎኗ ተቀመጡ፣ እሷ ወደምታይበት እያዩ። ከኪሳቸው ክዳን አወጡና አሽከረከሩ። ሶስናም የያዘችውን አሽከረከረች። እንዲህ እየተቀባበሉ ግማሽ ሰዓት አለፈ። እኔ ከቢሮ ያስፈቀድኩት ለአንድ ሰዓት ነው።

«ጋሽ ዳልኬ፣ መቼ ነው የሚጀምሩት?»

«ጨርሻለሁ እኮ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ሁለት ጊዜ አየችኝ። አንቺ ሰዓትሽን ስታዪ አመለጠሽ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሶስና የሆነ ነገር ስትፈልግ ምን ታደርጋለች?»

«ምንም አታደርግም» አልኩ፤ ኩራትም ነበረብኝ። «ሳትጠይቅ እናውቅላታለን።»

«እናንተ ስንት ናችሁ?»

ነገርኳቸው። የምንኖርበት ግቢ ስድስት ተከራይ ቤት አለው። «አፍ የላትም» ተብሎ ስድስቱም ቤት እናቷ ሆኗል። ወተት ያፈላ ያቀምሳታል፤ ቦይና የቀቀለ፣ ያው ጎደሬ ነው፣ ልጦ አቀዝቅዞ ያመጣላታል። በእኛ ዘንድ ሕፃን ልጅ ዓይኑን ምግብ ላይ ጥሎ እስኪለምን ያስጠበቀ ሰው ስሙ አይነሳ። ስለዚህ የሶስና ዓይን ገና ሳያርፍ ነገሩ እጇ ላይ ይደርሳል።

ጋሽ ዳልኬ ክዳኑን በመዳፋቸው አስቆሙት። «ታዲያ ምን ቸግሯት ትጠይቅ? ስድስት ቤት ሆናችሁ ተናገራችሁላት» አሉ። ተናደድኩ። ልጅን በፍቅር ማጥገብ ጥፋት ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ሳልጠራቸው ግቢያችን መጡ። ሴቶቹን ሰበሰቡና «የምለምናችሁ ነገር ነውር ነው» ብለው ጀመሩ። «ሶስና በልታ ከጠገበች በኋላ፣ ከምትወደው ነገር ትንሽ ያዙ። ጎኗ ተቀመጡና አሳዩአት፤ ቶሎ ግን አትስጧት። እስከ አሥር ቁጠሩ። እጇን ከዘረጋች፣ ወይም ካየቻችሁ፣ ወይም ድምፅ ካወጣች ያኔውኑ ስጧት። ካላደረገችም እጇን ይዛችሁ ዘርጉላትና ስጧት። ባዶ እጇን ማንም እንዳይመልሳት።» ቆጠራውንም አሳዩ። አፋቸው ዝም ብሎ ሌባ ጣታቸው ብቻ ጉልበታቸው ላይ በዝግታ ትወርዳለች። በጣት የሆነው ለምንድን ነው ብላ አንዷ ጠየቀች። «ጣታችሁ ሥራ ካልያዘች ትሰጣለች፤ አውቃችኋለሁ» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ።

ከግቢው ትልቋ እትዬ አማረች ግን አልሳቁም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ጊዜዋን ጠብቃ ትናገር የለ፤ ለምን እናስጨንቃታለን?»

«የታቀፉት እንቁላል ነው የሚሄደው፣ እትዬ። ያልታቀፉት ይገማል» አሉ ጋሽ ዳልኬ። «አሥር መቁጠር ሌላ፣ ዓመት መቁጠር ሌላ። እኔ አሥር ቁጠሩ ነው የምለው።»

ወይዘሮ ችኩል ግን መች አርፋ። ሁለት ሳምንት ቆጥሬ ምንም ሳላይ ስቀር የራሴን ዘዴ አመጣሁ። ትንሽ ማስጠበቅ ጥሩ ከሆነ ብዙ ማስጠበቅ ይሻላል አልኩና አንድ ጠዋት ቁርሷን ያዝኩባት። ፍርፍሩን ይዤ ፊቷ ቁጭ አልኩ። አሥር ቆጠርኩ፣ መቶ ቆጠርኩ። ሶስና ጮኸች፣ ከዚያ ራሷን ከግድግዳው ጋር ማጋጨት ጀመረች። እትዬ አማረች በሩን ገፍተው ገቡና ሳህኑን ከእጄ ነጥቀው አበሏት። እኔን ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ጋሽ ዳልኬ ሲቆጡ ያየሁት ይህን የነገርኳቸው ቀን ብቻ ነው። «ርሃብ አስተማሪ አይደለም» አሉ። «ከጠገበች በኋላ አላልኩሽም? ከአንቺ መሸሽን ነው ያስተማርሻት።»

እኔም አላስቻለኝም። «እርስዎ ምን አለብዎት? ጊፋታ ሲደርስ የምትወሰደው የእርስዎ ልጅ አይደለችም» አልኳቸው፤ ያውም በእናቶቹ ሁሉ ፊት።

 ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ አሥር ጊዜ ወረደች። ከዚያ ከሰሌኑ ሳይነሱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ታሪክ ነገሩኝ።

ማስተማር በጀመሩ ሰሞን ክፍላቸው ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች። በትምህርት ቤታችን ልማድ መምህሩ ይላል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይከተላል። ይቺ ልጅ ግን ክፍሉ ዝም ሲል እሷ አታቆምም። «ስምሽ ማነው?» ሲሏት «ስምሽ ማነው?» ትላለች፤ በእሳቸው ድምፅ፣ በእሳቸው አነጋገር። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል።

«ቀለደችብኝ አልኩ» አሉኝ። «ገረፍኳት። ዝም በይ አልኳት፤ ዝም በይ አለችኝ። እንደገና ገረፍኳት። በማግስቱ አልመጣችም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣችም። እኔ ክፍሌ ጸጥ አለልኝ ብዬ ደስ አለኝ።»

ነገሩ የገባቸው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሐዋሳ ሥልጠና ላይ ነው። አሠልጣኟ አንዳንድ ልጆች የሰሙትን ቃል መልሰው እንደሚሉት፣ ያም ሰው ለማነጋገር የሚያደርጉት ሙከራ ሊሆን እንደሚችል ስታስረዳ፣ ጋሽ ዳልኬ ከአዳራሹ ወጥተው አጥር ሥር ተቀመጡ። ሶዶ ሲመለሱ የልጅቷን ቤት ፈለጉ። ቤተሰቡ ወደ ቆላ ከሄደ ዘመን ሆኖታል አሏቸው።

«ልታነጋግረኝ ነበር የፈለገችው። እኔ መጠበቅ አቃተኝ» አሉ። «ስለዚህ የእርስዎ ልጅ አይደለችም አትበዪኝ።»

 ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት «ሰኞ ወተት ይዘሽ ነይ» ብለው ተነሱ። ያን ቀን ስንት ዓመት የተሸከሙትን ነገር እንዳየሁ ሳስብ አሁንም አፍራለሁ።

ከዚያ ወዲህ በደንብ ቆጠርኩ። ግቢውም ቆጠረ፤ እትዬ አማረች ሳይቀሩ፣ እያጉረመረሙ። ሰኔ አለፈ። ሐምሌን የዳሞታ ተራራ ጉም ተከናንቦ ከረመ። ነሐሴ ላይ አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ወተት ይዤ ጎኗ ተቀምጬ፣ ሰባት ላይ ስደርስ የሶስና ትንሽ መዳፍ ተከፈተ። ያኔውኑ ሰጠኋት። ለጋሽ ዳልኬ ስነግራቸው «ሎኦ» አሉ። በወላይትኛ ጥሩ ማለት ነው፤ ከእሳቸው አፍ የሚወጣው ትልቁ ምስጋና እሱ ነበር።

ግን አልደገመችውም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። «ያየሽው እኮ አንቺ ብቻ ነሽ» አለኝ ታምራት። «ለአዬ ምን ብዬ ልንገራቸው?» እሱም እንደከፋው አውቃለሁ። ጊፋታ ሲደርስ የሶስናን ልብስ ስከት፣ ሁሉንም ልክተተው ወይስ ግማሹን በሚለው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በመጨረሻ ግማሹን ከተትኩ።

የአዬ ቤት በሰው ሞልቷል። በሬ ታርዷል፣ ሥጋው በዳጣ ይበላል፤ ደጅ ዘፈንና ጭብጨባ ነው። ሶስና ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ጓዳ አልጋ ሥር ገባች። እንግዶች «ይቺ ናት?» እያሉ አጎንብሰው ያዩዋታል። አዬ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ «ሰው ሲሄድ ጸጥ ይላል፤ ለልጁ ይሻለዋል» አሉኝ። በእሳቸው በኩል ነገሩ አልቋል።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጋሽ ዳልኬ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ከች አሉ። ማንም አልጠራቸውም። «ለበዓል ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው» አሉ፤ ከሶዶ ገሱባ ድረስ፣ በዚያ መንገድ። ከበሉ በኋላ አዬን ለብቻቸው በወላይትኛ አነጋገሯቸው፤ እኔ ከጓዳ እሰማለሁ። ስለ መሄድና ስለ መቅረት አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ የለመኗቸው አሥር ቁጥር ብቻ ነው። አዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በጊፋታ? እንግዳ ፊት ልጅ በቅቤ ላስጠብቅ? እንዲህ ተብዬ አላውቅም።» ጋሽ ዳልኬ አልተከራከሩም። ሹራባቸውን አውልቀው ከታምራት ጋር ለከብት ሣር ሊያጭዱ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ወደ ጎረቤት አለፈና ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ጓዳ ሳህን አጥባለሁ። አዬ ሙቹዋ ይዘው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ሙቹዋ እናቶች ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙት ቅቤ የሚፈስበት የጊፋታ ምግብ ነው። ሶስና በልታለች፤ ግን የቅቤው ሽታ ከአልጋ ሥር አወጣትና መጥታ አዬ አጠገብ ቆመች። አዬ እንደ ልማዳቸው ሊያጎርሷት ቆንጥረው አነሱ። ከዚያ እጃቸው መሃል ላይ ቆመ። ወደ ደጅ አዩ፤ ማንም የለም። በሹክሹክታ መቁጠር ጀመሩ፤ በጣት ሳይሆን በአፍ። መጀመሪያውን አልሰማሁም። የሰማሁት «ናኡ፣ ሄዙ፣ ኦይዱ» ሲሉ ነው፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ። ስምንት ደረሱ፣ ዘጠኝ ደረሱ። ሶስና እጇን አልዘረጋችም። «ታሙ» አሉ፤ አሥር። ያኔ ሶስና ቅቤውን አየች፣ የያዘችውን ክዳን አየች፣ ከዚያ ስትተኛ እንኳ የማትለቀውን ያን ክዳን በአዬ ባዶ መዳፍ ላይ አስቀመጠች። ቀና ብላም ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው።

አዬ አጎረሷት። ሶስና ክዳኗን መልሳ ወሰደች፤ ውጣ ስትጨርስ እንደገና መዳፋቸው ላይ አስቀመጠች። እንደገና አጎረሷት። አራት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በአራተኛው አዬ እየሳቁ እንባቸው ይወርድ ነበር። «ኑ እዩ» አሉ ወደ ጓሮ። «ይሄ ልጅ ከኔ ጋር ይገበያያል።»

ጋሽ ዳልኬ ማጭዳቸውን እንደያዙ በር ላይ ቆሙ፤ ታምራት ከኋላቸው። አምስተኛውን ሁላችንም አየን። «ይህን እኔ አላስተማርኳትም» አሉ ጋሽ ዳልኬ። «ከራሷ ነው ያመጣችው።» ሎኦ እንኳ አላሉም። ፊታቸውን ወደ እንሰቱ አዞሩና ብዙ ቆዩ።

ስንመለስ መኪናው ላይ አንድ ተጨማሪ ቦርሳ ነበር፤ የአዬ። «ልጁ የሚማረውን እኔም ልማር» አሉ። እስከ ገና እኛ ጋር ሰነበቱ፤ ሰሌኑ ላይ ከእናቶች ሁሉ ቀድመው የሚቀመጡት፣ አዲስ የመጣች እናት ስታለቅስ «ቁጠር፣ ቁጠር» የሚሉት እሳቸው ነበሩ።

ሶስና አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እንደ እኩዮቿ አታወራም፤ ጫጫታ ሲበዛ አሁንም ጆሮዋን ትይዛለች። ግን ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ስሟን ትጽፋለች፣ ጥቂት ቢሆኑም ቃላት አሏት። «ስጪኝ» ትላለች፣ «እንኪ» ትላለች፣ «በቃኝ» ትላለች። «ሂጂ» የሚለውን በተለይ ለእኔ ነው ያዘጋጀችው። ጋሽ ዳልኬ ከዚህ በላይ ቃል ገብተውልኝ አያውቁም፤ እኔም ለቀረው የማለቅስበት ጊዜ አልፏል።

ለቅሶ የሄድነው በሦስተኛው ቀን ነው። ሶስናን ልውሰዳት ወይስ ልተዋት ብዬ ስወላውል ታምራት «የእሷም ሰው ናቸው» አለና ጫማዋን አሰረላት። ድንኳኑ ሞልቷል። ባለቤታቸው እትዬ ማርታ ጥግ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጋሽ ዳልኬ ካረፉ ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም። ሴቶች ፊት ፊታቸው ተደርድረው አንዷ ጉርሻ፣ አንዷ ሾርባ ትዘረጋለች። «ስለ ልጆችዎ»፣ «በሞቴ»፣ «ይቺን ብቻ» ይላሉ። እትዬ ማርታ አፋቸውን ገጥመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ሶስና እጄን ለቀቀች። በሴቶቹ መሃል አልፋ እትዬ ማርታ ጎን ተቀመጠች፤ ፊታቸው ሳይሆን ጎናቸው፣ እሳቸው ወደሚያዩበት እያየች። ከሳህኑ አንድ የተቀቀለ ቦይና አነሳችና በመዳፏ ያዘችው። ወደ አፋቸው አልገፋችም። አንዲት ሴት «ይቺ ልጅ ደግሞ» ብላ ልታስነሳት ስትል የሴትዮዋን ክንድ ያዝኩ።

የሶስና ሌባ ጣት ጉልበቷ ላይ ወረደች። አንድ። ሁለት። እትዬ ማርታ መጀመሪያ አላዩዋትም። አምስት ላይ ዓይናቸው ወደ ጣቷ ወረደና እዚያው ቀረ። ይህችን ጣት በቤታቸው ስንት ዓመት አይተዋታል። እኔም እየቆጠርኩ ነበር፤ ቀና ስል የሰሌኑ እናቶች ሁሉ፣ እያንዳንዳችን በየጉልበታችን ላይ፣ እየቆጠርን ነው። ስምንት። ዘጠኝ ላይ የእትዬ ማርታ እጅ ከነጠላው ሥር ወጣ፤ መዳፋቸውም ቀስ ብሎ ተከፈተ።

«እንኪ» አለች ሶስና።